ቲም ሊድ የሆነው በቁመናው ነው?

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ ቨርጂኒያ በሚገኝ ድርጅት ባክኤንድ (ተጠቃሚው የማያየው የሶፍትዌር ክፍል) ላይ እሠራለሁ፤ ስድስት ዓመቴ ነው። አጭር ነኝ፣ ትንሽም ወፈር ብያለሁ። እንግሊዝኛዬም የአዲስ አበባ ቅላጼ አልለቀቀውም። ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የገባ ረጅምና መልከ መልካም ልጅ ባለፈው ዓመት ቲም ሊድ (የቡድን መሪ) ሆነብኝ። ኮዱን ሪቪው የማደርገው (አንብቤ የማርመው) እኔ ነኝ፣ ከእኔ አይበልጥም። ማኔጀራችን ምክንያቱን ሲጠየቅ ‹ፕረዘንስ (ግርማ ሞገስ) አለው› ነው ያለው። እኔ ይህን ሙያ የመረጥኩት ኮድ ፊት አያይም ብዬ ነበር። ቆንጆ ሴት ብሆን ኖሮማ እስካሁን ዳይሬክተር ነበርኩ። ምን ይሻለኛል? ልክሰስ? ካሜራዬን ዘግቼ በሥራዬ ብቻ ይፍረዱኝ? ወይስ ጂም ልግባ?»

ምላሽ፦

ከሦስቱ አንዱንም ዛሬ አታድርግ። ደብዳቤህ ውስጥ እውነትም፣ ግምትም፣ ቁጭትም ተደባልቋል። መጀመሪያ እንለያቸው።

ኮድ ፊት አያይም ያልከው ልክ ነው። ኮምፓይለር (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ቁመት አይጠይቅም። ደሞዝህንና ዕድገትህን የሚወስነው ግን ኮምፓይለር አይደለም። የሚወስኑት ክፍል ውስጥ የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ ኮድህን ከፍተው አይተውት አያውቁም። የሚያውቁት ሚቲንግ ላይ ያዩትን ሰው ነው።

እንዲህ ያለው ፍርድ እንዴት እንደሚበላሽ ከታወቀ መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1920 ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን እንዴት እንደሚመዝኑ ጻፈ። መኮንኖቹ ለቁመና፣ ለብልህነት፣ ለመሪነትና ለጠባይ ለየብቻ ነጥብ እንዲሰጡ ነበር የተጠየቁት። ነጥቦቹ ግን ተያይዘው ይወጣሉ፣ ተያይዘው ይወርዳሉ። ቁመናው የተወደደለት ሰው ብልህም፣ መሪም፣ ጨዋም ሆኖ ይገኛል። መኮንኖቹ አልዋሹም። አንዱን ነገር ወደውት ሌላውም የታያቸው መስሏቸው ነው። የማኔጀርህ «ፕረዘንስ» የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ገንዘቡም ተለክቷል። በ1994 ዳንኤል ሃመርሜሽና ጄፍ ቢድል የሚባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ከአሜሪካና ከካናዳ የተሰበሰቡ መጠይቆችን መረመሩ። በመጠይቆቹ ላይ ጠያቂዎቹ የመላሾቹን መልክም መዝግበው ነበር። መልካቸው ከአማካይ በታች የተባሉ ሰዎች ከአማካዮቹ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያነሰ ያገኛሉ። ቆንጆ የተባሉት ከአማካዩ ይበልጣሉ፣ ጭማሪያቸው ግን ከነዚያኞቹ ቅናሽ ትንሽ ያንሳል። አንተን የሚመለከተው ሌላው ግኝታቸው ነው። ልዩነቱ ሽያጭና መስተንግዶን በመሳሰሉ ሰው ፊት በሚያቆሙ ሥራዎች ብቻ አልነበረም። በሌሎችም ሙያዎች ታይቷል። እንግዲህ እኛም ነጻ አይደለንም።

ቁመትም እንደዚያው ነው። በ2004 የወጣ የቲሞቲ ጀጅና የዳንኤል ኬብል ጥናት፣ አንድ ኢንች ቁመት በዓመት ወደ 789 ዶላር ልዩነት እንዳለው አሰላ። ይህን አንብበህ ተስፋ ከመቁረጥህ በፊት በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ልንገርህ። ኒኮላ ፐርሲኮና ባልደረቦቹ የብሪታንያና የአሜሪካ ነጭ ወንዶችን መረጃ ሲያዩ፣ ደሞዙን በደንብ የሚተነብየው ሰውዬው በ16 ዓመቱ የነበረው ቁመት ሆኖ አገኙት። ዛሬ ረጅም ቢሆንም በጉርምስናው አጭር የነበረ ሰው ጥቅሙን አያገኝም። ስለዚህ የሚከፈለው ለሴንቲሜትሩ አይደለም። በዚያ ዕድሜ ቡድን ውስጥ ገብቶ፣ ተሰምቶ፣ ደፍሮ ለተገኘ ልምድ ነው ማለት ይቻላል። ያ ልምድ ደግሞ ዘግይቶም ቢሆን ይገኛል።

ካሜራ መዝጋት ለምን እንደማይረዳህ ላስረዳ። ማርከስ ሞቢየስና ታንያ ሮዘንብላት በ2006 ባወጡት ሙከራ ከተሳታፊዎቹ አንዳንዶቹን ሠራተኛ፣ ሌሎቹን አሠሪ አደረጓቸው። ሥራው በኮምፒውተር የሚቀርብ የመንገድ እንቆቅልሽ መፍታት ነበር። መልከ መልካሞቹ እንቆቅልሹን ከሌላው የተሻለ አልፈቱም። አሠሪዎቹ ግን የተሻለ ይፈታሉ ብለው ጠበቁ፣ የበለጠም ከፈሉ። ከዚህ ትርፍ ውስጥ በራስ መተማመን የያዘው ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረውን ፊታቸውን ማየትና ንግግራቸውን መስማት ተካፈሉት። በስልክ ብቻ ያወሩትም፣ ፊታቸው ሳይታይ፣ ከፍ ያለ ክፍያ አገኙ። ለምን? ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያዳምጣቸው የኖሩ ሰዎች አነጋገራቸው ራሱ የተዳመጠ ሰው አነጋገር ነው። ካሜራህን ስትዘጋ ፊትህን ትደብቃለህ፣ ድምፅህ ግን እዚያው ነው። በዚያ ላይ ከስብሰባው ትጠፋለህ። ለአንተ ይህ ኪሳራ ነው።

አሁን «ቆንጆ ሴት ብሆን ኖሮማ» ወዳልከው። እዚህ ላይ ተሳስተሃል፤ ስህተቱም ቀላል አይደለም። በ1979 ማዴሊን ሃይልማንና ሎይስ ሳሩዋታሪ አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። መልከ መልካም ሴት ለጽሕፈት ሥራ ስታመለክት መልኳ ጠቀማት። ለኃላፊነት ቦታ ስታመለክት ግን ጎዳት። ወንዶቹን በሁለቱም ቦታ ጠቀማቸው። የቅርብ ምሳሌ ከፈለግክ በ2015 ሳን ፍራንሲስኮ የሆነውን አስታውስ። አይሲስ አንቻሊ የተባለች ኢንጂነር የመሥሪያ ቤቷ የቅጥር ማስታወቂያ ላይ ፎቶዋ ወጣ። ማስታወቂያው በከተማው የባቡር ጣቢያዎች ተለጠፈ። ሰዎች «ይቺማ ኢንጂነር ልትሆን አትችልም፣ ሞዴል ናት» እያሉ ይጽፉ ጀመር። እሷም የራሷን ፎቶ «ኢንጂነር እንዲህ እመስላለሁ» ከሚል ሃሽታግ ጋር ለቀቀች፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ተከተሏት። መልክ ለሷ በር አልከፈተላትም። ሥራዋን እንኳ አጠራጠረባት።

እዚያው እያለን፣ ፊት የማይታይበት ነው የምንለው ኮድ ሪቪው ራሱ ንጹህ አይደለም። የጉግል ተመራማሪዎች በ2022 ባሳተሙት ጥናት ኮድ ሪቪው ላይ አላስፈላጊ ተቃውሞ የሚገጥመው ማነው ብለው የድርጅቱን ሠራተኞች መረጃ አዩ። ሴቶች ከወንዶች በ21 በመቶ፣ ጥቁር ኢንጂነሮች ከነጮቹ በ54 በመቶ ከፍ ያለ ዕድል አላቸው። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ደግሞ ከ18 እስከ 24 ካሉት በሦስት እጥፍ ይበልጣል። እዚያ ስክሪን ላይ ያለው ስም ብቻ ነው። ስም ግን ፊት ያስታውሳል።

ስለዚህ ጥርጣሬህ መሠረት አለው። ይህ ማለት ግን ያንተ ጉዳይ የመልክ ጉዳይ ነው ማለት አይደለም። ከደብዳቤህ ይህን መወሰን አልችልም፣ አንተም አትችልም። ማንም አማካይ ላይ የተገኘን ልዩነት ወስዶ በአንድ ሰው ዕድገት ላይ «ይኸው» ሊል አይችልም። ደግሞ ኮዱ ከእኔ አይበልጥም ማለትህ ብዙም አያስኬድህም። ቲም ሊድ በኮድ ብቻ አይመረጥም። ልጁ ከፕሮዳክት ሰዎች ጋር ይነጋገራል? ሌላው ሰው ሲጣበቅ ይደርስለታል? ሲስተም ሌሊት ሲወድቅ ጠዋት ጽፎ የሚያስረዳው እሱ ነው? መልስህ «አዎ» ከሆነ ሹመቱ ይገባዋል፣ መልከ መልካምነቱ አጋጣሚ ነው። ቆንጆ ስለሆነ አይችልም ማለት ያው አድልዎ ነው፤ አቅጣጫውን ብቻ ገለበጥከው።

እኔ ራሴ ለዓመታት የቅጥርና የዕድገት ኮሚቴዎች ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ አመልካች «ሲኒየር አይመስልም» ተብሎ ወደቀ። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ነበር። «ሲኒየር ምን ይመስላል?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ሳቀ፣ አንዷ ወደ ስልኳ አቀረቀረች። መልስ የሰጠ የለም። ተቃውሞዬን አስመዝግቤ ወጣሁ እንጂ እኔም እስከ መጨረሻው አልታገልኩለትም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነጥቡን ከስብሰባው በፊት ለየብቻ ጽፎ እንዲያስገባ አደረግን፤ እያንዳንዱ ነጥብ አመልካቹ ባደረገው ወይም በተናገረው አንድ ነገር እንዲደገፍም። «አይመስልም» የሚለው ቃል በአንድ ጊዜ ቀነሰ። ምክንያት ጻፍ ሲባል የሚጻፍ ነገር የለውማ። አንተም ኢንተርቪው የምታደርግ ከሆነ ይህን ከራስህ ጀምር።

ወደ ክሱ እንምጣ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መልክ ብቻውን ጥበቃ የለውም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚከለክለው በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር ማግለልን ነው። የ1967ቱ ሕግ ዕድሜያቸው 40 የሞላቸውንና ከዚያ በላይ ያሉትን ይጠብቃል፤ አንተ ገና ነህ። ቁመትና ክብደት በሚቺጋን ከ1976 ጀምሮ፣ በኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ተጠብቀዋል። ከሥራ ቦታህ ወንዝ ማዶ ያለችው ዲሲም በ1977 ሕጓ የግል ገጽታን በስሙ ጠርታ ትጠብቃለች። የሰውነት ሁኔታ፣ አለባበስ፣ የፀጉር አያያዝ፣ ጺም ሳይቀር ገብቶበታል። አሠሪው ለሁሉም እኩል የሚሠራበት ምክንያታዊ የአለባበስ ደንብ ካለው ግን ሕጉ አይከለክለውም። የሥራ ቦታህ ያለው ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። እሱ በ2020 የጠበቀው ከዘር ጋር የተያያዘ የፀጉር አሠራርን ነው። ሜሪላንድም በዚያው ዓመት ይህንኑ አደረገች። ሹሩባ ወይም ድሬድ ላላችሁ አንባቢዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነጠላ፣ ሒጃብ ወይም ማተብ ያላችሁ ደግሞ ጉዳያችሁ የሃይማኖት እንጂ የመልክ አይደለም። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሒጃቧ ምክንያት ሥራ የተከለከለች አንዲት ወጣት አበርክሮምቢ በተባለው የልብስ ሻጭ ድርጅት ላይ በቀረበው ክስ 8 ለ 1 ፈርዶላታል።

አንተ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈኸው የሄድከው ነገር አለ፤ ቅላጼህ። «አጭር ነኝ» ብለህ ብትከስ የሚሰማህ የለም። «ቅላጼህ ይከብዳል» ተብሎ ዕድገት ከተከለከልክ ግን ጉዳዩ የትውልድ አገር ይሆናል። አሠሪ ቅላጼን ምክንያት ማድረግ የሚችለው ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ከሆነ ብቻ ነው። እንዲህ ተብለህ ታውቃለህ? ማን አለህ? መቼ? ካለ ቀኑንና ቃሉን ጽፈህ አስቀምጥና የሥራ ሕግ ጠበቃ አማክር። ጊዜውም አይጠብቅህም፤ ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤት የሚባለው በ180 ቀን ውስጥ ነው፣ የስቴት ተቋም ባለበት እስከ 300 ቀን ይዘልቃል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ማስረጃ ብለህ የድርጅቱን ኮድ ወይም ኢሜይል ወደ ግል አድራሻህ አትላክ፤ በዚያ ብቻ ሊያባርሩህ ይችላሉ። ስብሰባም በድብቅ አትቅረጽ። በቨርጂኒያና በዲሲ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። በሜሪላንድ ግን ሁሉም ካልፈቀዱ ወንጀል ነው። አንተ ደግሞ ከቤትህ ስትሠራ ያለኸው ሜሪላንድ ነው።

ጂሙን ለጤናህ ከሆነ ግባ። ለዕድገት ከሆነ ፀጉር ቤቱ ይቀርብሃል። ቀልዴን አይደለም። ጃክሊን ዎንግና አንድሩ ፔነር በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ከመልክ የሚገኘው የደሞዝ ትርፍ ለወንዶች ግማሽ ያህሉ ራስን ከመጠበቅ የሚመጣ ነው። ለሴቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም። የተስተካከለ ፀጉር፣ ልክህ የሆነ ሸሚዝ፣ ከፊትህ የሚመጣ ብርሃን፣ ዓይንህ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ካሜራ። ፍትሐዊ ነው? አይደለም። ለሴት እህቶቻችን ደግሞ የጊዜም የገንዘብም ግብር ነው። ግን በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ነገር ስለሆነ ጨርሰውና ወደ ዋናው ግባ።

ዋናው ይህ ነው። መልክ የሚገባው ሥራ ባልታየበት ክፍተት ነው። ኮሚቴው ስለ አንተ የሚያነበው ነገር ከሌለው የሚያስታውሰውን ይመዝናል፤ የሚያስታውሰው ደግሞ ፊት ነው። እኛ ቤት «ሙያ በልብ ነው» እየተባልን አድገናል። ሠርቶ ዝም ማለት ጨዋነት ነው፣ ስለ ራስ ማውራት ጉራ። ግን እዚያው ቤት «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉም ሽማግሌዎች ነበሩ። አንተ ስድስት ዓመት የመጀመሪያውን ብቻ ይዘህ የኖርክ ይመስለኛል። ከደብዳቤህ ውስጥ ስለ ሥራህ ያገኘሁት «ከእኔ አይበልጥም» የሚል ብቻ ነው። ምን እንደሠራህ ለእኔ እንኳ አልነገርከኝም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለማኔጀርህ አጭር ኢሜይል ጻፍ። «እዚህ ቤት ቲም ሊድ ለመሆን ምን ምን ሥራ ይታያል? ከዚያ ውስጥ እኔ የጎደለኝ የቱ ነው?» በቃ። የልጁን ስም አታንሳ፣ መልክ የሚል ቃልም አይግባበት። በቃል ከመለሰልህ «እንዲህ ነው የተረዳሁት፣ ከተሳሳትኩ አርመኝ» ብለህ ጽፈህ መልስለት። «ፕረዘንስ» ካለ ምን ሲደረግ እንደሚታይ ምሳሌ ጠይቀው። ከዚያ የምትሠራው ነገር ስምህን ይዞ ይውጣ። ዲዛይን ዶክመንት (ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ) ጻፍና ከስብሰባው በፊት ላከው፤ ሰው አንብቦህ ሲገባ ቅላጼህን ሳይሆን ሐሳብህን ይሰማል። በወር አንዴ የራስህን ሥራ ዴሞ ራስህ አቅርብ፣ አምስት ደቂቃ ቢሆንም። ሲስተም ሲወድቅ ምክንያቱን ጽፈህ አሰራጭ። ዓርብ ዓርብ ምን እንደሠራህ፣ ማንን እንደረዳ፣ በቁጥር ምን እንደለወጠ አንድ መስመር መዝግብ። ከማኔጀርህ ሌላ ኮሚቴው ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ሰው ይህን እንዲያነብ አድርግ። ያ ሰው ከሌለ ማኔጀርህ ብቻውን ስለ አንተ ምስክር ሊሆን ነው።

ለዚህ ስድስት ወር ወይም አንድ የዕድገት ዙር ስጠው፣ ከዚያ አትለፍ። መስፈርቱ ከተጻፈልህና ከተቀራረብክ ቆይ። አሁንም ያው «ፕረዘንስ» ከሆነ ልቀቅ።

ስትለቅ ኢንተርቪው ሌላ ገጽታ ያለው ፈተና እንደሆነ እወቅ። በ2020 የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች 48 ተማሪዎችን ፈትነው ነበር። ግማሾቹ ሰው እያያቸው ዋይትቦርድ ላይ እያወሩ ፈቱ፣ ሌሎቹ ብቻቸውን በተዘጋ ክፍል። የታዩት ውጤታቸው ከግማሽ በታች ወረደ። ስለዚህ ቤት ወስደህ የምትሠራው ፈተና የሚሰጥ ድርጅት ካለ እሱን አስቀድም። በቪዲዮ ተቀርጾ በማሽን የሚመዘን ኢንተርቪው ከመጣብህ ደግሞ ጠይቅ፤ የሚመዘነው ቃሌ ነው ወይስ ፊቴም? ሃየርቩ የተባለው ትልቁ አቅራቢ የፊት ትንተናውን እንደተወ በ2021 አስታውቋል። በዚያው ዓመት የጀርመን ጋዜጠኞች ሌላ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ሲሞክሩ መነጽር ማድረግ ወይም ከጀርባ የመጽሐፍ መደርደሪያ ማስቀመጥ ነጥቡን ለወጠው። ማሽኑ ለጥቁር ፊት ምን ያህል እንደሚሳሳትም በ2018 ያሳዩት ጆይ ቡዎላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ናቸው። ከፊት ላይ ጾታን ለይተው በሚናገሩ ሲስተሞች ላይ ለጥቁር ሴቶች ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል፤ ለነጭ ወንዶች ከፍተኛው 0.8 ነበር።

ለሪክሩተሩም (ለድርጅቱ ሠራተኛ ፈላጊ) ሁለት ጥያቄ ያዝ። የዕድገት መስፈርታችሁ በጽሑፍ አለ ወይ? ውሳኔው ላይ ከማኔጀሬ ሌላ ማን ይቀመጣል? መልሱ «እንደ ሰዉ ነው» ከሆነ ደሞዙ ቢበልጥም አትፈርም።